አንድ ግቢ፣ አሥራ ሁለት አየር፦ ውርጭ የትኛው ማሳ ላይ እንደሚተኛ እንዴት እናውቃለን?



ጥቅምት ከገባ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። «ስልኬ ሌሊቱ 5 ዲግሪ ነው አለኝ። ጠዋት ስወጣ ግን ባቄላዬ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ጠቁሮ አገኘሁት። ስልኩ ነው የዋሸኝ ወይስ በሽታ ነው?» የሚል። በአጭሩ ልመልስ፦ ስልኩ አልዋሸም፣ ያወራው ግን ስለ እናንተ ማሳ አይደለም። ይህን ነገር እኔ በደንብ የገባኝ በእግሬ ዞሬ ስለካው ነው። ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ በአንድ ቴርሞሜትር እንዴት እንደምትሠሩት አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ ስለ ስልኩ። ስልካችሁ ላይ የምታዩት ዲግሪ ስልኩ የለካው አይደለም። በኮምፒውተር ተሰልቶ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ስፋት ላለው አካባቢ በጅምላ የተሰጠ ግምት ነው። በዚያ ስፋት ውስጥ ደግሞ ተራራም ወንዝም ከተማም አለ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጣቢያዎች የሚለኩትም ትክክለኛ ነው፤ የሚለኩት ግን ጣቢያው ያለበትን ቦታ፣ ያውም ከመሬት ከፍ ብሎ በሰው ደረት አካባቢ ባለ ነጭ ሳጥን ውስጥ ነው። ባቄላ ደግሞ የሚኖረው ከደረት በታች ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ሳጥኑ ውስጥ 3 እና 4 ዲግሪ እየተነበበ ሣሩ ላይ አመዳይ ሊረጋ ይችላል።

ነገሩ የተጀመረው ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነው

ዲፕሎማዬን የተማርኩበት የግብርና ኮሌጅ ግቢው ሰፊ ነው። ከዋናው በር ተነስቶ ታች ወንዙ ድረስ ለመውረድ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። ከላይ ቢሮዎቹና መማሪያ ክፍሎቹ አሉ። መሐል ላይ የተማሪ መኝታ ቤቶችና ኳስ ሜዳው፣ ዝቅ ሲል የወተት ላሞች በረትና ችግኝ ጣቢያው፣ ከሁሉም በታች ወንዙን ተከትሎ የመስኖ ማሳው። በአንድ ጎን ጥቅጥቅ ያለ የባህር ዛፍ ደን አለ። የአየር ሁኔታ መለኪያው ከቢሮው አጠገብ በሽቦ ታጥሮ ነው ያለው፦ እግር ያለው ነጭ የእንጨት ሳጥንና የዝናብ መለኪያ።

ግቢው በሙሉ የሚታወቀው በዚያ በአንድ ሳጥን ነበር። ሳጥኑ ሌሊቱ 6 ዲግሪ ነበር ካለ፣ በቃ ግቢው 6 ነው። እኛ ግን የመስኖ ማሳው ላይ ተረኛ ስንሆን ጠዋት የምናየው ሌላ ነው። ሣሩ ነጭ ሆኖ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል፤ የቱቦው ጫፍ ላይ የቀረችው ውሃ ረግታ እናገኛታለን። ውሃ በ6 ዲግሪ አይረጋም፤ ይህን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። መምህራችንን ጠየቅናቸው። መልሱን አልነገሩንም። «ዞራችሁ ለኩና ካርታ ሥሩ» አሉን።

አራት ሆነን ጀመርን። የግቢውን ንድፍ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሠራንና አሥራ ሁለት ቦታ መረጥን፦ ከዋናው በር አጠገብ፣ ከሳጥኑ አጠገብ፣ ከመኝታ ቤቱ የሲሚንቶ ግድግዳ ሥር፣ ኳስ ሜዳው መሐል፣ ባህር ዛፉ ውስጥ፣ በረቱ ጋ፣ ችግኝ ጣቢያው፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ሁለት ቦታ፣ ወንዙ ዳር ደግሞ ሦስት ቦታ። ሦስት ቴርሞሜትር ነበረን። መጀመሪያ ሦስቱንም አንድ ላይ፣ አንድ ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆየናቸው። አንደኛው ከሁለቱ አንድ ዲግሪ አስበልጦ ስለሚያነብ እሱ ባነበበው ላይ ሁልጊዜ አንድ እንቀንስ ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ መለኪያውን ሳይለኩ በመለኪያው መለካት የተንጋደደ ሚዛን ይዞ ገበያ መውጣት ነው።

በቀን ሦስት ጊዜ እንዞራለን፦ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት። አሥራ ሁለቱን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ደግሞ አየሩ ራሱ ይለወጣል። ስለዚህ ዙሩን ጨርሰን ወደ መጀመሪያው ቦታ እንመለስና እንደገና እንለካለን። አንድ ዲግሪ ወርዶ ከሆነ ያንን አንድ ዲግሪ በሰዓቱ ልክ ለሁሉም ቦታ እናካፍላለን። አለዚያ መጨረሻ የደረስንበት ቦታ ያለጥፋቱ ቀዝቃዛ ተብሎ ይጻፋል።

ጥቂት ሳምንት ከዞርን በኋላ ወረቀቱን በባለቀለም እርሳስ ቀባነው፤ ሞቃቱን ቀይ፣ መካከለኛውን አረንጓዴ፣ ቀዝቃዛውን ሰማያዊ። የንጋቱ ካርታ ሁላችንንም አስገረመን። ወንዝ ዳር ያሉት ሦስቱ ቦታዎች ከሳጥኑ በአራትና በአምስት ዲግሪ ይቀዘቅዙ ነበር። ከሁሉም የሚሞቀው ደግሞ ላይኛው ሜዳ አይደለም፤ የዳገቱ ወገብ ነው። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሥር ማታ 3 ሰዓት ላይ ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋል። ኳስ ሜዳው ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል። ባህር ዛፉ ውስጥ ደግሞ ቀን ቀዝቀዝ፣ ሌሊት ለስለስ ያለ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ጣራ ያገለግላል። የቀን 9 ሰዓቱ ካርታ ሌላ ነገር ነው፦ ሌሊት ሰማያዊ የነበረው ወንዝ ዳር ነፋስ ስለማያገኘው ቀይ ሆኖ ይወጣል። አንድ ግቢ፣ አንድ ሳጥን፣ አሥራ ሁለት አየር።

በትምህርቱ ቋንቋ ይህ «ማይክሮ ክላይሜት» ይባላል። እኔ «የማሳ አየር» ብዬዋለሁ። ነገሩ የኛ ኮሌጅ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው ሉክ ሃዋርድ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ለንደን ከተማን ከዙሪያዋ ገጠር ጋር እያነጻጸረ ለክቶ፣ የከተማው ሌሊት ከገጠሩ እንደሚሞቅ ጽፏል። ኦስትሪያ ተራሮች ውስጥ ደግሞ ጽዋ የመሰለ ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲለካ ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ በላይ ወርዶ ተገኝቷል፤ ዙሪያውን ያሉት ከፍታዎች ግን እንዲያ አልቀዘቀዙም።

ብርድ እንደ ውሃ ይወርዳል

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ይሸፍናትና ሙቀቱ ቶሎ አያመልጥም። ሰማዩ ጥርት ካለና ነፋስ ከሌለ ግን መሬት ራቁቷን እንዳደረች ናት። መሬቱን የነካው አየር ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ነው፤ ከባድ ነገር ደግሞ ቁልቁል ይሄዳል። እንደ ጎርፍ አይጮህም እንጂ በዳገቱ ላይ ቀስ እያለ ይወርድና ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይተኛል። ወንዝ ዳር፣ ረግረግ፣ ሁለት ኮረብታ መሐል ያለ ሜዳ፣ እነዚህ የብርድ ኩሬዎች ናቸው። ከኩሬው በላይ ያለው የዳገት ወገብ ብርዱን ወደ ታች አሳልፎ ስለሰጠ ይሞቃል።

«ከፍ ሲባል ይቀዘቅዛል» የሚለውም እውነት ነው። በአማካይ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ቆላን ከደጋ የሚለየው ይኸው ነው። በአንድ ሸለቆ ውስጥ፣ በአንድ ጥርት ያለ ሌሊት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከላይ ያለው ጎረቤታችሁ ባቄላው ተርፎ፣ ከታች ያለው የእናንተ የሚቃጠለው ለዚህ ነው።

ቀበሌ ስገባ

አሁን የምሠራው ሰሜን ሸዋ ነው፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም አይርቅም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዷን ያልቀመሰ የለም። በመጽሐፉ አመዳደብ ከ2,300 እስከ 3,200 ሜትር ያለው ደጋ ስለሚባል የኛ ቀበሌም በአንድ ቃል «ደጋ» ተብሎ ይታለፋል። ቀበሌው ውስጥ ግን አፋፉም፣ ዳገቱም፣ ወንዝ ዳሩም አለ። ኮሌጁ ግቢ ትዝ አለኝ።

አንዲት ባለቤታቸውን በሞት ያጡ እናት አሉ፤ እትዬ ነው የምላቸው። ሁለት ማሳ አላቸው፣ አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ከመንገዱ በላይ። በኅዳር በመስኖ ድንች ሊተክሉ ዘሩን በዱቤ ጠይቀው ነበር። ቦታው ወንዝ ዳሩ እንዲሆን ቆርጠዋል። «ልጄ፣ ውሃው እግሬ ሥር ነው። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ለውሃው ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ግን ዘሩ በዱቤ ነው፤ ውርጭ ቢመታው ዕዳው አይመታም። «እትዬ፣ ሁለት ሳምንት ይስጡኝ» አልኳቸው።

በሁለቱም ማሳ ላይ በጉልበት ቁመት አንዳንድ ቴርሞሜትር ሰቀልን። ስምንተኛ ክፍል የሚማረው ልጃቸው በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት፣ ፀሐይ ሳትወጣ እያነበበ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። በአሥራ አራት ጠዋት ውስጥ ወንዝ ዳሩ አምስት ጊዜ ከዜሮ በታች ወርዷል። የላይኛው ማሳ አንድም ቀን አልወረደም። በሁለቱ መሐል ያለው ርቀት በጩኸት የሚሰማማ ነው።

ይህን ሳወራ ጎረቤታቸው የሆኑ አንድ አዛውንት ሳቁብኝ። «ይህንንማ ብትጠይቀኝ ሳትለካ እነግርህ ነበር። አባቴ በጥቅምት የሚያብብ ነገር ወንዝ ዳር ዘርቶ አያውቅም።» እውነት ነው፤ አባቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁትን እኔ አምናለሁ። ዱቤ የሚሰጠው ሰው ግን ደብተር ነው የሚያየው» አልኳቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ካርታውን ስንሠራ ከፊት የሚመሩን እሳቸው ሆኑ። ብርዱ የሚተኛበትን ቦታ እሳቸው በጣታቸው ያሳያሉ፣ እኛ ስንት ዲግሪና ስንት ሌሊት እንደሆነ እንጽፋለን።

እትዬ ድንቹን ላይኛው ማሳ ላይ ተከሉ፣ ያውም ካሰቡት ግማሹን። ውሃውን በኪራይ ሞተር ወደ ላይ መሳብ ነዳጅ ስለሚፈልግ ከዚያ በላይ አቅም አልነበራቸውም። ታኅሣሥ ላይ ከባድ ውርጭ ጣለ። የሳቸው ድንች የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ተለበለበ፤ ወንዝ ዳር የተተከሉት ግን እስከ ግንዳቸው ጠቆሩ። ምርቱ ሀብታም አላደረጋቸውም። የዘሩን ዕዳ ከፍለው ለቤትና ለዘር ተረፋቸው። ለአንድ ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ካርታው ያስነሳው ክርክር

ካርታውን ጨርሰን የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። በሳምንቱ አንድ ሰው ተቆጥተው መጡ። «አንተ ልጅ፣ መሬቴን ሰማያዊ ቀብተህ ስም አወጣህበት። አሁን ማን ይከራየኛል? ማንስ እኩል ያርስልኛል?» አሉ። ያላቸው መሬት በሙሉ ወንዝ ዳር ነው። ለሳቸው ካርታው ወረቀት ብቻ አይደለም፣ የዓመት ቀለብ ነው።

ስብሰባ ተጠራ። ግማሹ ሰው ካርታው ይውረድ አለ፣ ግማሹ ይቆይ አለ። ያስታረቀን የአዛውንቱ ንግግር ነው። «ወንዝ ዳር በጥቅምት ጠላት ነው። በየካቲትስ? አፈሩ ወፍራም፣ ውሃው ቅርብ፣ ብርዱ አልፏል። በየካቲት እኔ ከመንገዱ በላይ ያለኝን ሁሉ ሰጥቼ ወንዝ ዳር እወስዳለሁ።» ስለዚህ ከካርታው ጎን ሁለተኛ ካርታ ጨመርን። የመጀመሪያው ላይ «ከጥቅምት እስከ ጥር» ብለን ጻፍን፣ ሁለተኛው ላይ «ከየካቲት ወዲህ»። በሁለተኛው ካርታ ላይ የተቆጡት ሰውዬ መሬት ከጥሩዎቹ አንዱ ነው።

ክርክሩ ግን ሙሉ በሙሉ አላለቀም። ወንዝ ዳር ብቻ ያለው ሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ምን ይብላ የሚለው ጥያቄ አሁንም አለ። ብርድ የሚችል ሰብል መምረጥ አንዱ መልስ ነው፤ ከዘመድ ጋር ማሳ መለዋወጥ ሌላው ነው። ሁለት ቤተሰብ እንዲህ ተስማምተው ሞክረዋል። ካርታው የሚያሳየን የት እንደሚቀዘቅዝ ነው፤ እንዴት እንደምንተጋገዝ የምንወስነው ግን እኛው ነን።

እናንተስ እንዴት ትሠሩታላችሁ?

1. ቴርሞሜትር አዘጋጁ። የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት መዝግቦ የሚያስቀምጥ ዓይነት ከተገኘ በጣም ጥሩ ነው፤ ሌሊት መነሳት ይቀራል። ለብቻ ከከበዳችሁ ሦስት አራት ጎረቤት አዋጥታችሁ ግዙ።

2. ከአንድ በላይ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ቦታ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ልዩነታቸውን እወቁ።

3. ቦታ ምረጡ፦ አንድ ከዝቅተኛው ማሳ፣ አንድ ከዳገቱ ወገብ፣ አንድ ከአፋፉ፣ አንድ ከቤታችሁ ጓሮ። ጓሮ ብቻ ለክታችሁ ስለ ማሳ አትወስኑ፤ ግድግዳና አጥር ጓሮን ያሞቁታል።

4. ሁሉንም በአንድ ቁመት ስቀሉ፣ ሰብሉ በሚቆምበት ቁመት ቢሆን ይመረጣል። ቀን የምትለኩ ከሆነ ፀሐይ እንዳይመታው ጥላ ሥሩለት፤ ፀሐይ የመታው ቴርሞሜትር የሚነግራችሁ የራሱን ሙቀት ነው።

5. ሌሊት የሚቀዘቅዘው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ አንብቡ፤ ሰዓቱን አትቀያይሩ።

6. ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጻፉ። ቀኑን፣ ዲግሪውን፣ ሰማዩ ጥርት ይበል ወይስ ደመና፣ ነፋስ ይኑር አይኑር፣ አመዳይ ታይቶ እንደሆነ። ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት፣ ደብተር ይጠፋል።

ቴርሞሜትር እስኪገኝ ዓይናችሁንም ተጠቀሙ። ጠዋት አመዳይ መጀመሪያ የሚታይበትንና ዘግይቶ የሚቀልጥበትን ቦታ ምልክት አድርጉ።

ካወቃችሁ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ?

• ባቄላ፣ አተርና ምስር የመሳሰሉት ሲያብቡና ለጋ ፍሬ ሲይዙ ውርጭ አይችሉም። ብርድ በሚተኛበት ማሳ ላይ አበባው ከውርጩ ወር ጋር እንዳይገጥም ቶሎ የሚደርስ ዘር ምረጡ ወይም ቦታ ቀይሩ።

• በመስኖ ድንችና ቲማቲም ወደ ዳገቱ ወገብ ይውጡ። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ብርድ ስለሚችሉ ታች ይሻላሉ።

• ማታ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ነፋስ ከሌለና አየሩ ደረቅ ከሆነ ውርጭ ሊጥል ይችላል። ጠዋት ቀደም ብላችሁ አጠጡ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይይዝና ሌሊት ለሰብሉ ይመልሳል።

• በሰብሉ መሐል መሬት ላይ የተነጠፈ ገለባ የአፈሩ ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚያግድ በውርጭ ሌሊት ይጎዳል። ችግኝን ከላይ መሸፈን ግን ይረዳል፤ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

• ከማሳው በታች ዳገቱን የዘጋ ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ አጥር ወይም ግንብ ካለ ብርዱን ይገድበዋል። መውጫ ክፈቱለት። ከማሳው በላይ ያለ አጥር ግን የሚወርደውን ብርድ ወደ ጎን ይመልሳል።

• ጭስ ብቻውን ብዙ አያድንም። የሚያሞቀው እሳቱ ነው እንጂ ጭሱ አይደለም፤ እንጨታችሁን በከንቱ አትጨርሱ።

• ድንች ቅጠሉ ቢመታ ወዲያው አትንቀሉት። ሥሩ ደህና ከሆነ ከታች ሊያቆጠቁጥ ይችላልና ጥቂት ቀን ታገሱት።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የምትለኩ ካላችሁ የሁለት ሳምንቱን ደብተር ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ የማሳችሁን አቀማመጥ፣ ወንዝ ዳር ነው ዳገት፣ ፊቱ ወዴት ነው የሚለውንም ጻፉልኝ። አብረን እናነበዋለን። ስልክ የሌለው ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ይህን ቁጭ ብላችሁ አንብቡለት፤ ብርዱ ከእናንተ ማሳ ቁልቁል ወርዶ የሚተኛው ምናልባት የእሱ ማሳ ላይ ይሆናል።

መልካም አዝመራ ይሁንላችሁ!